ሆድ የሚሞላ፣ ኪሎ የማይሞላ

ታላቅ ወንድሜ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ዓመት አልፎት ነበር። ከእሱ የመጣልን ደብዳቤ አንድ ብቻ ነው። ቀጣዩ ዙር እንደሚጠራ ሲሰማ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አሰላ ቤታችን ተቀምጬ ነበር። እናቴ ወሬውን ከቀበሌ ስብሰባ ይዛ መጣች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና፣

«አንተ መክሳት አለብህ» አለችኝ።

ከተወሰነው ኪሎ በታች የሆነ ሰው በምርመራው ይጣላል ይባል ነበር። እውነት ይሁን ውሸት የምንጠይቀው ሰው አልነበረንም፤ መጠየቁ ራሱ ያስጠረጥራል።

እናቴ በመጀመሪያ የሞከረችው የምታውቀውን መንገድ ነው፤ ምግብ ቀነሰችብኝ። ጠዋት ቁራሽ ዳቦ በሻይ፣ ማታም ያው። ሻዩን ጠጥቼ ሳልጨርስ ሆዴ ይጮሃል። ሰው ሲያናግረኝ እቆጣለሁ። በአራተኛው ቀን እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጓዳ ገባሁ፤ ቂጣውን ቆራርሼ፣ በርበሬና ቅቤ አፍስሼበት፣ ጨጨብሳውን ቆሜ ጨረስኩት። ስትመለስ ሽታው አጋለጠኝ። አልጮኸችም። መደቡ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ አክስቴን ጠራቻት። አክስቴ የአባቴ እህት ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ ለስኳር ሕመምተኞች ምግብ ታበስል ነበር።

«ምን ያህል በላህ?» አለችኝ።

«ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው፣ አክስቴ።»

«ያቺ ሁለት እፍኝ የሦስት ቀን ጾምህን ገደል ከተተችው። ስማኝ፣ ሆድ የሚሞላ ሌላ ነው፣ ሥጋ የሚሆን ሌላ ነው። ቅቤና ስኳር በጥቂቱ ገብተው ሥጋ ይሆናሉ፤ ሆድህ መግባታቸውንም አያውቅም። ተርበህ አትችለውም። ጠግበህ ነው የምትከሳው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምበላውን እሷ ወሰነች። ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች፣ ዘይት ያልነካው ጎመን፣ የገብስና የባቄላ ንፍሮ፣ ቅቤው ወጥቶ ያለቀ አሬራ። ሳህኑ እስከ አፉ ሞልቶ ይቀርብልኛል፤ ግማሹ ላይ ስደርስ እጄን እሰበስባለሁ። ጠዋት በልቼ እስከ ከሰዓት በኋላ ረሃብ የሚባል አይሰማኝም ነበር። ሱሪዬ ግን ከወገቤ መንሸራተት ጀመረ። የጭላሎ ተራራ ነፋስ አጥንቴ ድረስ ይገባ ነበር። ከገበያ ስመለስ ዳገቱን ሁለት ጊዜ አርፌ እወጣለሁ። እናቴ በየቀኑ ክንዴን በጣቶቿ ትለካለች፤ ጣቶቿ ሲገናኙ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ፊቷ ላይ አይ ነበር።

የምርመራው ቀን ደረሰ። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ልብሳችንን አውልቀን ተሰለፍን። የጤና ሠራተኛው ሚዛኑ ላይ አቆመኝና ኪሎዬን ጮክ ብሎ ተናገረ። ከተወሰነው በታች ነበርኩ። ከሚዛኑ ልወርድ ስል የቀበሌው ሊቀመንበር ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ» አለ። «አምና ኳስ ሲጫወት ወይፈን ያክል ነበር። ምን አገኘህ?»

«አሞኝ ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እንግዲያው እዚሁ አስታመን እናድንሃለን። አሥር ቀን እየበላ ይቀመጥና እንደገና ይመዘን።»

ከእኔ ጋር አንድ ሌላ ልጅ አስቀሩ። ከሮቤ በኩል የቀን ሥራ ፍለጋ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ እኩያዬ ይሆናል። እሱን ያከሳው ረሃብ እንጂ አክስት አልነበረችም። የጎን አጥንቱ ይቆጠር ነበር።

አዳራሹ ጥግ ላይ ሰሌን አንጥፈው አስቀመጡን። ጠዋት ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ቀን ሽሮ በእንጀራ ይመጣልናል። የአብዮት ጥበቃው በር ላይ ተቀምጦ ሳህናችን ባዶ መሆኑን ያያል። እናቴም በየቀኑ ትመጣ ነበር።

«እናት፣ ምን አመጡ?» ይላታል ጥበቃው።

«ጨጨብሳ ነው ልጄ፣ ቅቤ የጠገበ። ቶሎ እንዲያገግምልኝ ብዬ።»

የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍቶ ቅቤውን ያይና ያሳልፋታል። ከጨጨብሳው ሥር ያለውን ድንችና ንፍሮ አያይም።

እኔ ድንቹን እበላለሁ። ጥበቃው ፊቱን ሲያዞር ጨጨብሳውንና ዳቦዬን ወደ ጎረቤቴ እገፋለሁ። ሳህኑ ባዶ መሆን ነበረበት። መጀመሪያ ቀን ልጁ አላመነኝም፤ ዳቦውን ይዞ ዓይኔን አየ። በልቶ ሲጨርስ ሆዱን ዳበሰና «ቁፌራ» አለ በኦሮምኛ። ጠግቤያለሁ ማለቱ ነው። ቀስ ብሎ ደግሞ በአማርኛ፣ «እኛ ቤት ሰባት ነን። እንዲህ ጠግቤ አላውቅም» አለኝ።

በአምስተኛው ቀን ጉንጩ ሲሞላ አየሁ። ያን ቀን ገባኝ። የእኔ ኪሎ የትም አልጠፋም፤ እሱ ላይ እየወጣ ነው። ይህን እያወቅሁ ስድስተኛውንም ሰባተኛውንም ቀን ዳቦውን ገፋሁለት። ሊቀመንበሩ በየቀኑ መጥቶ ጉንጬን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገዋል። ዳቦው ሳህኔ ላይ ቢቀር እያዛለሁ፤ ብበላው እሄዳለሁ።

በስምንተኛው ቀን አላስችል አለኝ። ጥበቃው ሰዎች ሲያናግር ጠብቄ በኦሮምኛ፣ «አትብላ። ኪሎህ ከጨመረ ይወስዱሃል» አልኩት።

ዳቦውን ከአፉ መለሰ።

«እዚያስ ዳቦ ይሰጣሉ?»

«ይሰጣሉ መሰለኝ።»

ቁራሹን አገላብጦ አየውና ጎረሰው። እኔም አልቀማሁትም።

በአሥረኛው ቀን አስቀድመው እኔን መዘኑኝ። ሊቀመንበሩ ራሱ ሚዛኑ ላይ አጎነበሰ። ትንፋሼን ዋጥኩ፤ ትንፋሽ ኪሎ ያለው ይመስል።

«ያው ነው» አለ የጤና ሠራተኛው።

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ በጥላቻ አየኝ። «ውጣ ከፊቴ!»

ልብሴን እያነሳሁ ሳለ የልጁ ኪሎ ሲነበብ ሰማሁ። «እሰይ!» አለ ሊቀመንበሩ። ልጁ ግን ሰው ያመሰገነው መስሎት ፈገግ ሲል አየሁት።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ ልጁ የነገረኝን ሰፈር እየጠየቅሁ ወደ ሮቤ ሄድኩ። እናቱን አገኘኋቸው። ልጃቸው አልተመለሰም፤ የሞተ ነው ብሎ የነገራቸውም የለም። ሁሉንም በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ድንቹን፣ ጨጨብሳውን፣ እያወቅሁ የገፋሁለትን ዳቦ ሁሉ፤ አንዱንም አልደበቅሁም።

አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እጄን ሳቡና ሳሙት።

«ልጄን ያበላኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።