የጠፋው ልጅና የአባቴ አንድምታ

አባቴ እዚህ ገነተ ማርያም የመጻሕፍት ትርጓሜ ያስተምራሉ። ቃሉን ያነቡና የተሰወረውን ምሥጢር ያወጡለታል፤ አልበቃ ሲላቸው «አንድም» ብለው ሌላ ይደርቡበታል። ጉድ እኮ ነው! የሰናፍጯን ቅንጣት ተርጉመው እስኪጨርሱ ምሳው ይቀዘቅዛል። ነፍሷን ይማርና እናቴ፣ «ወጡ ጨው አንሶታል ብላቸው እንኳ ምሥጢር ይፈልጉለታል» ትል ነበር።

ታናሽ ወንድሜ የእርሻ በሬያችንን ሰርቆ ሸጦ ከጠፋ ከዓመታት በኋላ ባለፈው ሁዳዴ ተመለሰ። ከስቶ ጉንጩ ገብቷል። አባቴ ግን ደጃፉን አላሳለፉትም።

«በሬው የነበረበት ይደር» አሉ።

ልጁ በረት ገባ። የላስታ ብርድ ደግሞ አያድርስ ነው። እኔም ተናድጄበታለሁ፤ በሬው ከሄደ ወዲህ የሰው በሬ እየለመንን ነው ያረስነው። ግን ጠዋት ጠዋት ሳሉን ስሰማ አንጀቴን በላው። እሑድ ዕለት፣ «ዛሬ ካላስገቡኝ ነገ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ፤ ከእንግዲህ አታዩኝም» አለኝ።

ሮጬ የንስሐ አባታችንን ጠራሁ። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ።

«የኔታ፣ የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አሉ የንስሐ አባታችን።

ምነው ባልነኳቸው! አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀመሩ። ታላቁ ልጅ እስራኤል፣ ታናሹ አሕዛብ። ቀለበቱ ሃይማኖት፣ ጫማው ወንጌል፣ ፍሪዳው ክርስቶስ። ቤቱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድም ገነት። አንዱ ሽማግሌ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቤቱ ገነት ነው፣ ልጃቸው በረት ነው! ጠላ እየቀዳሁ ደሜ ፈላ።

«አባዬ፣ አባትየው ከሩቅ አይቶት ሮጠ ይላል አይደል? የሩጫውስ ምሥጢሩ ምንድን ነው?»

«ሮጠ ማለት…» ብለው ጋቢያቸውን ደግመው አስተካከሉ። «አንድም…» አሉ። ከበረቱ ሳል ተሰማ።

«ሮጠ ማለት ሮጠ ነው» አሉ በመጨረሻ።

መቋሚያቸውን አንስተው ወጡ። ወንድሜ አባቱን ከነዱላቸው ሲያይ፣ ለበሬው የቆየለት ዱላ የመጣበት መስሎት አጥሩን ዘሎ እግሬ አውጪኝ አለ! አባቴም መቋሚያውን ወርውረው፣ ያን የታመመ ጉልበታቸውን ይዘው በጭድ ክምሩ በኩል ተከተሉት።

«ቁም፣ አንተ ከይሲ! ቁም ልሳምህ!»

ቆመ። አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው እናቴ የተቀበረች ዕለት ብቻ ነበር። እኔም ቅድም ደሜ የፈላው ሴትዮ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ፍሪዳማ ከየት ይመጣል፤ ሁዳዴ ነው። ሽሮ ሠራሁለት፤ ድስቱን ጠረገው። ያን ምሽት ሲያስል የሰማሁት ከምድጃው ዳር ነው።