ለሰናይት ማን ይጠመቅላት?

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ጌታ ይባረክ። ብርሃኑ እባላለሁ፣ ላፍቶ መንገድ ዳር ሶፋ የምሠራው ነኝ። ለብዙዎቻችሁ ስፖንጅ ቀይሬላችኋለሁ፤ ዛሬ የቆምኩት ግን ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው። ሰው ፊት ማይክ ይዤ አላውቅም፣ ድምፄ ቢንቀጠቀጥ ታገሡኝ።

ባለቤቴ ሰናይት ታማ ነው የሞተችው። ያልሄድንበት ሐኪም ቤት፣ ያልረገጥነው ጠበል አልነበረም። እኔ በእጄ የማምን ሰው ነበርኩ። የተሰበረ ነገር ሁሉ ደህና እጅ ካገኘ ይጠገናል የምል ሰው፣ እሷን እጄ ላይ እያለች አጣኋት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ደረቴንም ጨምድዶ ይይዘኝ ጀመር። ሐኪሙ በማሽን መርምሮኝ ሲያበቃ፣ «ብርሃኑ፣ ልብህ ጤነኛ ነው። ሐዘን የሚያወጣ መድኃኒት ግን እኔ ጋ የለም» አለኝ። ያኔ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር፤ አልጸልይም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አልደርስም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ሰናይት የት ናት? ደግሞስ አገኛታለሁ ወይ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣቶች ሱቄ ገቡ። ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ደረታቸው ላይ ስማቸው። ሞርሞን የሚባለው ቤተ እምነት ሰባኪዎች ነበሩ። ሁለቱም «ሽማግሌ» ተብለው ነው የሚጠሩት፤ ጢም ግን ገና አላበቀሉም። ጨርቅ ባልለበሰ ሶፋ ላይ አስቀምጫቸው ሻይ ልዘዝ ስል፣ «ሻይ አንጠጣም፣ ውሃ ይበቃናል» አሉኝ። ሻይ የማይጠጣ ሰው ምን ያምን ይሆን ብዬ ተገረምኩ። መጠየቅ የጀመርኩት በዚያ ነው፣ ለሳምንታትም አላቆምኩም።

ወገኖች፣ እነዚያን ልጆች አላማቸውም። የቱንም ያህል ብጨቀጭቃቸው አይቆጡም። አንደኛው ፈረንጅ ነው፣ አማርኛውን ግን ከእኔ አጥርቶ ይናገራል። «ወንድም ብርሃኑ፣ ክርስቶስ ሞትን ስላሸነፈ ሰው ሁሉ ይነሣል። ይህ ስጦታ ነው» አለኝ።

«ከተነሣ በኋላስ?» አልኩት።

«የክብር ደረጃዎች አሉ። ከሁሉ ወደሚበልጠው ለመግባት እምነት፣ ንስሐ፣ ሥልጣን ባለው ሰው እጅ መጠመቅ፣ የቤተ መቅደሱን ሥርዓት መፈጸም፣ እስከ መጨረሻም መታዘዝ ያስፈልጋል።»

«ጸጋውስ ታዲያ?»

«ያለ ጸጋው ማንም አይገባም። እኛ ደግሞ የድርሻችንን እንወጣለን።»

ከዚያ ልቤን የያዘውን ነገር ነገረኝ። ባልና ሚስት በቤተ መቅደስ ለዘላለም ከተጣመሩ ሞት አይለያቸውም አለ። «ሚስቱ ሞታስ ከሆነ?» አልኩት። «በሕይወት ያለ ሰው በእሷ ስም ይጠመቅላታል። እሷም እዚያ ሆና መቀበል ወይም አለመቀበል ትችላለች።» የያዝኩትን መዶሻ አስቀመጥኩ። «በቃ፣ ዛሬውኑ ልጠመቅላት» አልኩ። ልጁ በትሕትና፣ «ለሴት የምትጠመቀው ሴት ናት። እሷም አስቀድማ አባል መሆን አለባት። ቤተ መቅደሱም ያለው ሌላ አገር ነው» አለኝ።

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ሴት ፍለጋ አማቴ ዘንድ ሄድኩ። እማማ ጥሩነሽ ነፋስ ስልክ ነው የሚኖሩት፤ ጾም የማይገድፉ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ኦርቶዶክስ ናቸው። ለእሳቸው ነው እንግዲህ፣ «እማማ፣ ሞርሞን ሆነው ለሰናይት ይጠመቁላት» ያልኳቸው። አትሳቁብኝ፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

እማማ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?» አሉ። «ልጄን በሰማንያ ቀኗ ታቅፌ ሄጄ ክርስትና አስነሥቻታለሁ። ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚጠመቀው?» ከዚያ ድምፃቸው ሰለለ። «አንተ መድኃኒት ፍለጋ ስትሯሯጥ አልሰማሃትም። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። በስቅለት ዕለት የምንለውን ነበር ደጋግማ የምትለው፣ ‹ጌታ ሆይ፣ በመንግሥትህ አስበኝ።› ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔ በዚያ ላይ ምን እጨምርላታለሁ?»

ታክሲ እንኳ ሳልይዝ፣ እያሰብኩ በእግሬ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን ጋሽ መርጊያ ወንበራቸውን ሊያሠሩ መጡ። እዚህ ፊት የተቀመጡት ሽማግሌያችን ናቸው፤ እሳቸው እንኳ ጢም አላቸው። ወንጌላዊ አማኝ መሆናቸውን ስለማውቅ ጥያቄዬን ሁሉ እሳቸው ላይ አፈሰስኩት።

«እናንተስ ለሞተ ሰው ምን ታደርጋላችሁ?»

«ምንም» አሉኝ። «ሰው የሚወስነው በሕይወት ሳለ ነው ብለን እናምናለን።»

«መልካም ሥራስ?»

«የዳነ ሰው ፍሬ ነው እንጂ የመዳኛ ዋጋ አይደለም። ጥምቀቱም ቢሆን ያመነ ሰው ምስክሩ ነው። የሚያድነው ክርስቶስ ብቻውን ነው።»

«ሰማይ ቤት ባልና ሚስት አለ?»

«የለም፣ ብርሃኑ።»

መልሳቸው ከሞርሞኖቹ ይልቅ መረረኝ፣ ተናደድኩም። «ታዲያ ሰናይት ድናለች ወይስ አልዳነችም?» ብዬ ጮህኩባቸው። ጋሽ መርጊያ «አላውቅም» አሉኝ። «የእሷን ልብ አላየሁም። ዳኛውን ግን አውቀዋለሁ።»

እማማ የነገሩኝን ስነግራቸው ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «ይህን ጸሎት መጀመሪያ የጸለየው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ከጌታ ጎን የተሰቀለው ወንበዴ ነው። እጁም እግሩም ተቸንክሯል። ወርዶ አይጠመቅ፣ ቤተ መቅደስ አይሄድ፣ የበደለውን አይክስ። ጌታ ግን በዚያው ቀን ተቀበለው።»

ወገኖች፣ እጁ የተቸነከረ ሰው ዳነ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ ሳምን የኖርኩ ነኝ። የሞርሞን ወጣቶቹ ተስፋ ጣፋጭ ነበር፣ ዛሬም ጣፋጭነቱን አልክድም። ነገር ግን ሰናይትን መልሶ እኔው እጅ ላይ አስቀመጠብኝ። እኔ ካልበቃሁ፣ የምትጠመቅላት ሴት ካላገኘሁ፣ እዚያ አገር ካልደረስኩስ? በዚህ ዓለም ላድናት ያልቻልኩትን ሴት በወዲያኛውም ዓለም እኔው ላድናት ነው? እነሱ እንዲህ አይሉት ይሆናል፤ እኔ የተሰማኝ ግን ይሄ ነው። ለካ ደረቴን ይዞኝ የከረመው ይኸው ሸክም ኖሯል።

እዚያው ስፖንጅና ቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል ተንበርክኬ፣ «ጌታ ሆይ፣ እኔንም አስበኝ» አልኩ። ሌላ ያልኩት የለም። ጋሽ መርጊያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው አብረውኝ አለቀሱ። በዚያን ቀን ተኛሁ፣ ወገኖች። ደረቴም ለቀቀኝ፣ እስከ ዛሬም አልተመለሰብኝም። ሃሌሉያ፣ ስሙ ይባረክ።

ልጆቹ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቀየሙኝም፤ ውሃቸውን ጠጥተው፣ እጄን ጨብጠው ሄዱ። እኔ በውሃ ስጠመቅም እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው እበሩ ላይ ቆመው አዩኝ። ስወጣ፣ «ይኸው ሁለተኛ ጥምቀትህ ነው፤ ሦስተኛ እንዳላይ» አሉኝ።

ጌታ ይመስገን፣ ዛሬ ሥራዬን እየሠራሁ፣ እየተኛሁ፣ እየጸለይኩ ነው። መጠየቅም አልተውኩም፤ ጋሽ መርጊያን ጠይቋቸው፣ አሳርፌያቸው አላውቅም። ከመካከላችሁ ስለ ሞተበት ሰው እንቅልፍ ያጣ ካለ፣ ያን ሰው ለጌታ ስጠው፤ አንተም በሕይወት ሳለህ «አስበኝ» በለው። ከዚያ በላይ ቃል አያስፈልግህም።

አሁንም ሰናይት የት ናት ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እንደ ጋሽ መርጊያ አላውቅም እላችኋለሁ። ማንን እንደለመነች ግን አውቃለሁ። እኔም የለመንኩት እሱኑ ነው።