ስም ሳይጠሩ የማይታለፍ በር

ከቤት የወጣሁት ተኳሽ ፍለጋ ነው። እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ ያስደነግጣል፤ በአፍ ሲነገር ደግሞ የባሰ እንደሚያስደነግጥ ሦስት ከተማ ዞሬ አይቻለሁ። እኔ የምፈልገው ተኳሽ ግን የሚኖረው ሰማይ ላይ ነው። ሰዓሊዋ ጓደኛዬ ሰናይትና እኔ በከዋክብት መሀል ስለሚጓዙ ሰዎች የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ እየሠራን ነው። በታሪኩ ውስጥ ዳር የምትባል ፕላኔት አለች፤ ከሁሉም የራቀች፣ ሕግ ዘግይቶ የሚደርስባት፣ አቧራዋ የማያባራ። እዚያ ያሉትን ገበሬዎች ከመሬት ነጣቂ የሚጠብቅ ጎራው የሚባል አልሞ ተኳሽ አለ። ሰፊ ባርኔጣ ያደርጋል፣ ረጅም ካፖርት ይለብሳል፣ ብዙ አይናገርም። እኔ በጣም ወድጄው ነበር።

ሰናይት ግን አንድ ቀን ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ፣ “ይሄን ሰውዬ የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ። አንተም አይተኸዋል። ሁሉም ሰው አይቶታል። ባርኔጣውን ባነሳው ከሥሩ ሰው የለም” አለችኝ። “ወይ ሰው አምጣልኝ፣ ወይ ከታሪኩ አውጣው።” በጣም ተናደድኩ፤ እውነቷን ስለነበር።

ካሜራዬን፣ የካሜራዬን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና የጎራውን ሥዕል ይዤ አዲስ አበባን የከበቡትን ከተሞች ልዞር ተነሳሁ። ዳር የሚባል ነገር ካለ እዚያ ነው ብዬ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልናገር። ይህን ማስታወሻ ዝም ብዬ እንደመጣልኝ ብጽፈው አንድ ቤተሰብ መሬቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ስሞቹን ቀይሬያለሁ። ሌላም የነካካሁት ነገር አለ፤ ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ጠዋት፣ ሰበታ

ከአየር ጤና የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዓለም ገና ላይ ከጭነት መኪኖች ኋላ ተሰልፎ ቀረ። ረዳቱ ማቆሚያዬን ከእግሬ ሥር ሲያይ ዕቃ ነው ብሎ ተጨማሪ ሂሳብ ጠየቀኝ። ተከራከርኩት፣ ተሸነፍኩ፣ ከፈልኩ። ሰበታ ስወርድ ርቦኝ ስለነበር ትኩስ ፉል በላሁና ከዋናው መንገድ ገባ ብዬ ኮረብታውን ፎቶ ላነሳ ማቆሚያዬን ተከልኩ።

ወዲያው ከፊት ለፊቴ ካለው ሱቅ ዘይነባ የምትባለው ባለ ሱቋ ወጣች። ስሟን የነገረችኝ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ያቀመሰችኝ ግልምጫ ነበር።

“ምን ልትለኩ ነው?” አለችኝ።

“የምለካው ነገር የለም። ፎቶ ነው።”

“ባለፈው የመጡትም ፎቶ ነው ያሉት።”

“እነማን ናቸው የመጡት?”

“አንተ ንገረኝ እንጂ!”

ያኔ ነው የገባኝ። ሦስት እግር ያለው ነገር ይዞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሜዳ የሚያይ ሰው እዚህ አገር ትርጉሙ አንድ ነው፤ መሬት ለኪ። ከኋላው ደላላ ይከተላል፣ ከደላላው ኋላ የግንብ አጥር ይከተላል። ጥርጣሬዋን ላስወግድ ብዬ እውነቱን ነገርኳት። ተኳሽ ነው የምፈልገው አልኳት። ጉድ ፈላ! ሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች ጨዋታቸውን አቆሙ።

በፍጥነት ሥዕሉን አወጣሁ። ዘይነባ አየችው፣ አገላብጣ አየችው፣ ሳቋ አመለጣት። “ይሄማ ሊዘፍን የወጣ ነው!” አለች። ከዚያ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ተኳሽማ አለ። ከዳገቱ ማዶ። በበሩ ስታልፍ ግን ስምህን ጮክ ብለህ ጥራ። ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ ሰው አይወድም” አለችኝ። የማን ቤት እንደሆነ ብለምናት፣ ብለማመጣት፣ አልነገረችኝም።

ስምህን ጥራ ያለችኝን ወደድኩት። ዳር ላይ የሚያርፉ መንኮራኩሮች ሁሉ ከጎራው ጎጆ በላይ ሲያልፉ ስማቸውን እንዲጠሩ አደርጋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ረፋዱ ላይ፣ ቡራዩ

ወደ አየር ጤና ተመልሼ፣ በአስኮ በኩል ቡራዩ ገባሁ። ገበያው ሞልቷል፤ ድንችና ሽንኩርት የጫነ ጋሪ ከባጃጅ ጋር ይጋፋል። አንዱን ባለ ባጃጅ ወደ ከተማው ዳር ውሰደኝ አልኩት። ማቆሚያዬን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ።

“ወንድሜ፣ ነቄ ነን” አለኝ። “አንተን ጭኜ ብገባ ነገ ሰፈር ውስጥ ሰው ሰላም አይለኝም።”

“ለኪ አይደለሁም።”

“ለኪ ነኝ የሚል ለኪ አይተህ ታውቃለህ?”

ማቆሚያውን በሹራቤ ጠቅልዬ መቀመጫ ሥር ስከተው እሺ አለ። በመንገድ ላይ ስለ ተኳሽ ብጠይቀው ዘወር ሳይል ተረከልኝ። ሰዎች መጥተው አንድ ሜዳ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተክለው ሄዱ፤ በማግስቱ ችካሉ ሁሉ ከወገቡ በጥይት ተቆርጦ ተገኘ። “አንዱንም አልሳተውም!”

“አንተ አይተሃል?”

“ያየ ሰው አውቃለሁ።”

ቀልቤ አልወደደውም። ችካል በመጥረቢያም ይቆረጣል። ያየው ሰው ማን እንደሆነ ስጠይቀው ደግሞ፣ “አንተ ግን ስምህ ማን ነው?” ብሎ እኔኑ መመርመር ጀመረ።

ከሰዓት፣ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ እንጦጦን የሚሻገረው መኪና ዳገቱ ላይ እያቃሰተ ወጣ። ማዶ ስንደርስ ብርዱ በመስኮት ገባ። ሱሉልታ እርጎ በዳቦ በላሁ፤ እርጎው እንዲህ ነው ብዬ ልናገርለት አልችልም፣ ሂዱና ቅመሱት። ከዚያ በእግሬ ወጣሁ። በመንገዱ ግራ ቀኝ የግንብ አጥር፣ ያላለቀ ፎቅ፣ በሰንሰለት የታሰረ የብረት በር ነበር። የሰው ድምፅ የለም። ድንገት ግንቡ አለቀና በግንቦች የተከበበ አንድ የሳር መሬት ፊቴ ተዘረጋ። ዳር ላይ የጭራሮ አጥር፣ ጭቃ ቤትና ደጃፉ ላይ ወደ መንገዱ ዞረው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

ሳር የተሸከመ ሰው ቀደመኝና በሩ ጋ ሲደርስ ጮኸ፦ “ኦቦ ለሚ! ቶሌራ ነኝ!”

“ቶሌራ! ሳሩ ደረቀ?” አሉ ሽማግሌው፣ ፊት ለፊት እያዩት።

ተኳሹ እሳቸው ናቸው! እኔም ስሜን ጠርቼ፣ “አካም ጅርቱ” ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ ቆምኩ። ልጃቸው ብርቄ ከቤት ወጥታ ከእግር እስከ ራሴ ቃኘችኝና እኔን ሳይሆን አባቷን በጩኸት ማናገር ያዘች። “አባዬ! የማናውቀው ሰው ነው! ግራጫ ጃኬት! ሦስት እግር ያለው ነገር ይዟል!” ሽማግሌው የማይሰሙ መሰለኝ። ማቆሚያውን በሩ ጋ አስቀምጥ አለችኝ፤ አስቀመጥኩ። በርጩማ ተሰጠኝ።

“ማን ላከህ?” አሉኝ ኦቦ ለሚ።

“ማንም አልላከኝም አባባ። ታሪክ ነው የምጽፈው።”

“ታሪኩን ማን ላከው?”

እየሳቁ አልነበረም። ጠመንጃውስ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ቤት ውስጥ ተሰቅሏል አሉኝ። ስንት ጅብ ጣሉ ብላቸው፣ “ጅቡን ጠይቀው” አሉኝ። ሥዕሉን ሰጠኋቸው። ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ “ራሱ ላይ ምን አድርጓል?” አሉ።

“ባርኔጣ ነው።”

“አውልቅለት። ተኳሽ ዓይኑን ይሸፍናል እንዴ?”

እየቀለዱብኝ መሰለኝና አፈርኩ። ፎቶ ላንሳዎት ብላቸው ብርቄ፣ “በቃ፣ ላሞቹን ላልብ ነው” ብላ አስነሳችኝ። መባረሬ ነው። ተሰናብቼ፣ ማቆሚያዬን አንስቼ ወጣሁ።

ጥቂት እንደሄድኩ ሥዕሉን እሳቸው ጉልበት ላይ እንደተውኩት ትዝ አለኝ። መመለስ አሳፈረኝ፤ ብርቄ እንዳታየኝ ድምፄን አጥፍቼ ገባሁ። ኦቦ ለሚ ቀና ብለው ፊት ለፊት አዩኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣

“ብርቄ ነሽ?” አሉ።

ከእሳቸው ጋር እጅ ለእጅ ልንነካካ ምንም አልቀረንም።

“ብርቄ? ኤኙ? ማነው?” እጃቸው በርጩማው ሥር ዱላ ይፈልግ ጀመር።

ወይ ጉዴ! “እኔ ነኝ አባባ፣ ሥዕሌን ረስቼ ነው” አልኩ። ብርቄ የወተት ዕቃዋን ይዛ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ፊቷ ተለዋውጧል።

“ምን አየህ?” አለችኝ።

“ምንም።”

“እኔም ምንም” አሉ ኦቦ ለሚ ከተቀመጡበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቁ። ብርቄ ግን አልሳቀችም። እጄን ይዛ ወደ በሩ ወሰደችኝ።

“የሰፈሩ ሰው ስሙን የሚጠራው ፈርቶ መስሎህ ነው? አባዬ ማን እንደሆነ አውቆ በስሙ እንዲመልስለት ነው። በስሙ ሲመልስለት የሰማ እንግዳ ሁሉ አባዬ ያያል ብሎ ያስባል። ጠመንጃውም ጥይት ካጣ ቆይቷል። እነዚህን ግንቦች አየሃቸው? ሁሉም የጎረቤቶቻችን መሬት ነበር። ደላሎቹ እየመጡ፣ እያስፈራሩ፣ እያታለሉ ወሰዱት። እኛ በር ግን አይገቡም፤ አባዬን ይፈራሉ። እሱ ማየት እንዳቆመ ያወቁ ቀን ግን አለቀልን።”

አንጀቴን በላችው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቀኑን ሙሉ ሲጠረጥሩኝ ስናደድ የዋልኩት ሰውዬ፣ በራሴ አፈርኩ። “አልጽፈውም፤ ሥዕሉንም እቀደዋለሁ” አልኳት።

ሩቅ ግንቡን እያየች አሰበች። “አንዱ ደላላ መጠርጠር ጀምሯል” አለች። “ባለፈው እንዳንተ ድምፁን አጥፍቶ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። ወሬው መውጣቱ አይቀርም። ከወጣ የማን ወሬ እንደሆነ አይታወቅ። ስለዚህ ጻፈው፤ ግን ደባልቀው። በየከተማው አንድ ተኳሽ አስቀምጥልኝ።”

ማታ፣ ቤት

ሰናይት ሻይ እየጠጣች ጠበቀችኝ። ባርኔጣውን አውልቂለት አልኳት። በርጩማ ላይ አስቀምጪው፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሪው፤ የሚያልፍ ሁሉ ስሙን ይጥራለት። እርሳሷን አንስታ ሳለችው። ሲያልቅ ከሩቅ አየችውና፣ “አሁን ሰው ነው” አለች። ቀጥላም ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ “የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላል። ምንድን ነው?” አለችኝ።

“እኔ ምን አውቃለሁ” አልኳት። ይህን ስታነብ ትጣላኛለች።

ዳር የሚጠበቀው በጥይት ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰፈር ሙሉ እየተስማማ፣ በየዕለቱ በበሩ ሲያልፍ ስሙን እየጮኸ ይጠብቀዋል ብሎ ማን አስቦ።

አሁን የነካካሁትን ልናገር። ሳሩና እርጎው የሱሉልታ ናቸው፤ በሩ ግን የግድ የሱሉልታ አይደለም። የዘይነባን ወሬ ቡራዩ፣ የባጃጁን ሰበታ ሰምቼው ሊሆን ይችላል። ይህን የምታነብ ደላላ ካለህ የማረጋግጥልህ ይህን ብቻ ነው፤ ሰበታ ተኳሽ አለ፣ ቡራዩም አለ፣ ሱሉልታም አለ። ከሦስቱ የአንዱ ዓይን ደክሟል፤ ሁለቱ አይስቱም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ማረጋገጥ ያማረህ፣ ስምህን ሳትጠራ ግባ።