የወንድምጋሼ ስፖንጅ

ትናንት አዳማ ውስጥ መኪናዬን የሚወለውለው ልጅ፣ የደረቀውን የስፖንጅ ጠርዝ በምላጭ ሲከረክም የፖሊሹ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

አባቴ ያኔ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ናዝሬት፣ በራችን ላይ ካለው ግራር ሥር መኪና ይወለውል ነበር። ስፖንጁን ከአሮጌ ፍራሽ ቆርጦ በያዡ መዳፍ ልክ ያበጀዋል፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የታላቅ ወንድሜ የወንድምጋሼ። ወንድምጋሼን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት ስፖንጁ ሚስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

አንድ ቀን አባቴ አወረደውና እጄን እላዩ ላይ እንድዘረጋ ነገረኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ዙሪያውን በምላጭ ይቆርጠው ጀመር። ቢጫው ፍርፋሪ ጉልበቱ ላይ ይረግፋል።

«ወንድምጋሼ ሲመጣ በምን ሊወለውል ነው?» አልኩት።

ቀና አላለም። «እስኪመጣ እጁ ያድጋል። ሌላ እንቆርጥለታለን» አለኝ።

አመንኩት። ስፖንጄን ይዤ እየሮጥኩ ልትወለወል ወደቆመችው ቮልስ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ስንት መኪና ጎን ለጎን ስንወለውል ስሙን አንስተን አናውቅም።

ወንድምጋሼ ሲሄድ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

«ማዘር፣ አልቋል» አለኝ ልጁ። መዳፌን እንደዘረጋሁ ቆሜ ነበር።