ጨዉን ጠርገሽዋል?

የአጎቴ፣ የጋሼ፣ አርባ ትናንት ወጣ። እኔ ግን ዛሬም በራሴ እንደተናደድኩ ነኝ።

ጋሼ ወደብ ላይ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። የጅቡቲ የባሕር አየር ብረት ላይ ጨው ስለሚያስቀምጥ፣ ማንኛውንም ሶኬት በጨርቅ ሳይጠርጉ አይሰኩም ነበር። አርሂባ ሰፈር ቤታቸው ስሄድ የስልኬን ቻርጀር ሳይቀር ከእጄ ተቀብለው ይጠርጉ ነበር። ያበሽቀኝ ነበር።

እኔ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ባክቴሪያን ለቅጽበት በኤሌክትሪክ እንመታና ሽፋኑ ሲከፈት ዲኤንኤ እናስገባለን። የእኔ ናሙና ግን ለሳምንታት ጧ እያለ ይቃጠል ነበር። ለጋሼ ሳማርር፣ "ጨዉን ጠርገሽዋል?" አሉኝ።

"ይሄ እኮ የፍሪጅ ሶኬት አይደለም፣ ጋሼ" ብዬ አመናጨቅኳቸው።

ከቀብራቸው በኋላ ዲኤንኤውን ስመረምር ሳይታጠብ የቀረ ጨው አገኘሁበት። ጨው ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ሲያቃጥልብኝ የከረመው እሱ ነበር። አጥቤ ስደግመው ድምፅ ሳያሰማ ሠራ። አሁን ለማን ልንገር?

ትናንት ቤቱ ሰው ሞልቶ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከሞቱ ወዲህ ያልተነካውን የአየር ማራገቢያቸውን፣ ቬንቲሌተራቸውን፣ አወጣሁ። የሶኬቱ ጫፍ ነጭ ጨው ለብሷል።

"ሰኪው እንጂ" አሉኝ ባለቤታቸው።

"ጨርቁ የት ነው?" አልኳቸው።

እሳቸውም አያውቁም። ጋሼ ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ነበር የሚይዙት።