የራዚያ አንጓዎች

ራዚያ ከሪያድ ተመልሳ ሐይቅ ከተማ እናቷ ቤት ከገባች ወዲህ አውራ ጣቷ አርፎ አያውቅም። የጣቶቿን አንጓ እየተከተለ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እኛ ጎረቤቶቿ ደግሞ ያላወቅነውን ለመተርጎም ማን ብሎን! «ዚክር ላይ ናት» አልን። እናቷ ሀውራም በገበያው፣ በለቅሶው፣ በደረሰችበት ሁሉ «የኔ ልጅ አላህን ከማውሳት ቦዝና አታውቅም» ስትል ከረመች። ዱዓ አድርጊልን ብለው ደጇን የረገጡም ነበሩ።

እሷ እቴ! የምትቆጥረው ግጥም ነበር። ሪያድ አሠሪዎቿ በር ቆልፈውባት ሲወጡ፣ ሃይኩ የሚባለውን የጃፓኖች አጭር ግጥም በስልኳ ተማረች። ሦስት መስመር ነው፤ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት ቀለም። አንድ ቀለም ማለት አፍ አንዴ ሲከፈት ነው። መቁጠሪያዋም ልጅ ሆና ቁርአን ቤት ተስቢሕ፣ የአላህን ውዳሴ፣ መቁጠር የተማረችበት አንጓዋ ሆነ። አገሯ ስትገባም ጣቷ ልማዱን አልተወም፤ በተለይ ስትፈራ።

ወሬው ውጫሌ ደረሰና ጁማ የሚባል ነጋዴ ሽማግሌዎች ላከ። «ዚክር የምታበዛ፣ ደጅ መውጣት የማትወድ ሚስት ስፈልግ ነበር» አለ አሉ። አባቷ ስለሞቱ አጎቷ ሐቢብ እሺ ብለው ቃል ሰጡ። ራዚያ ከአንድ የተቆለፈ በር ወጥታ ሌላው ልትገባ! እንዳትናገር ደግሞ እናቷ በአገር ፊት ያወደሰቻት ልጅ ናት።

በኒካሑ ዋዜማ ጨነቃትና ለእናቷ ተናገረች። «እማ፣ ወላሂ ዚክር አይደለም» አለችና ሐይቁ ዳር ያየችውን እያሰበች የገጠመችውን አሰማቻት፦

ታንኳዋ ታስራ
ሂጂ ይላታል ውሃው
ገመዱ ቅሪ

ሀውራ «ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለቻት። «ሰው ምን ይለኛል?»

በማግስቱ አጎቷ ከሁለት ምስክሮች ጋር ጓዳ ገቡ። በደንቡ ልጅቱ ራሷ ካልወከለች ኒካሕ አይታሰርም፤ ዝም ካለች ግን አፍራ ነው ተብሎ እሺታ ይሆናል። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ሴት ልጅ ሆኖ ቢጠየቅ ኖሮ ባየነው!

«ራዚያ፣ ለጁማ እንድድርሽ ወክለሽኛል?» አሉ ሐቢብ።

እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ቃል እምቢ አላት፣ አውራ ጣቷ ብቻ በአንጓዎቿ ላይ ይሮጥ ጀመር።

«ማሻአላህ!» አለ አንዱ ምስክር። «ዚክር ላይ ናት፣ አንረብሻት። ዝምታዋ ይበቃናል።» ሰዎቹ ሊወጡ ተነሱ። እኔም አለቀላት ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ሀውራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ክንዷን መቃኑ ላይ ዘርግታ መንገዱን ዘጋችባቸው።

«ዚክር አይደለም» አለች። «ግጥም ነው የምትቆጥረው። እኔ አውቄ ነው ዝም ያልኳችሁ። ልጄ እስክትመልስ ቁጭ በሉ!»

ተቀመጡ። ራዚያ እናቷን እያየች «አላገባም» አለች።