የመከታ ሦስተኛ እጥበት

በዚያ ቀን ከደብሩ አጥር ውጭ፣ ከጥዱ ሥር የተቀመጥነው ስድስት ነበርን፤ መምህራችን የኔታ፣ የደብሩ ገበዝ፣ ሁለት የቅኔ ተማሪዎች፣ ብራና ፋቂው አያ ፈንቴ፣ እኔም። የአያ ፈንቴ ውሻ መከታ ደግሞ ራቅ ብሎ ከአንድ ግንድ ታስሮ ነበር።

ስለዚያ ቀን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ንፋስ መውጫ፣ ከእንስሳት ክሊኒኩ በር ላይ የልጅ ልጄን ቡችላ በካርቶን ይዤ ተራ ስጠብቅ የዲን ሽታ ደረሰብኝ። ወጣቷ ሐኪም አንድ ጠጉሩ የረገፈ ውሻ በዲን ሳሙና ታጥብ ነበር። ተራዬ ሲደርስ የቡችላውን የጆሮ ጠርዝ በምላጭ ጫር ጫር አድርጋ ፍርፋሪውን በማይክሮስኮፕ አየችው።

"እከክ ነው አባባ። መርፌው ይደገማል፤ ዳነ ብለው እንዳይቀሩብኝ። የተኛበትንም ጨርቅ ያቃጥሉት።"

"ዕንቁላሉ በአንድ ጊዜ ስለማይሞት ነው" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ይህን ማን ነገረዎት?"

ቡችላውን ወደ ካርቶኑ መለስኩት።

የነገሩኝ አያ ፈንቴ ናቸው። ደብሯ የድጓ ማስመስከሪያ ከሆነችው ከቤተ ልሔም የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኝ ጉብታ ላይ ነበረች፤ የእሳቸው ቤት ከጉብታው ግርጌ፣ ከምንጩ አጠገብ። በደጃቸው ሁልጊዜ አራት አምስት የፍየል ቆዳ በእንጨት ተወጥሮ ይቆማል፤ የመፋቂያው ድምፅ እኛ የቃል ትምህርት ከምንቀጽልበት ጎጆ ድረስ ይሰማ ነበር። የደረቀውን ቆዳ ወደ ፀሐይ አንሥተው እያዩ፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለች ነጥብ ሲያገኙ፣ "ይቺ ፍየል እከክ ነበረባት፤ ለመጽሐፍ አትሆንም" ብለው ወደ ጎን ያደርጉታል። እኛ ፊደል እንደምናነብ እሳቸው ቆዳ ያነብቡ ነበር።

መከታን እከክ የያዘው በሰኔ ነው። ከጆሮው ጠርዝ ጀመረ፤ ወደ ክርኑና ወደ ሆዱ ወረደ፤ ቆዳው ቀልቶ፣ ወፍሮ፣ ተሸበሸበ። አያ ፈንቴ ከሌሎች ውሾች ለይተው አሰሩት፤ የተኛበትን ገለባ አቃጠሉ። እንዶድ ወቅጠው አጠቡት፤ ፀሐይ ላይ ካደረቁት በኋላ ቢጫውን ዲን ፈጭተው፣ በኑግ ዘይት ለውሰው ቀቡት። መድኃኒቱን እንዳይልስ፣ ቀዳዳ በዝቶበት ከተጣለ ብራና ሰፊ አንገትጌ ሠሩለት። የቅኔ ተማሪዎቹ ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ በዚህ መሳቂያ አገኙ።

"መሪጌታ መከታ ካባ ለብሰው ወጥተዋል። ዛሬ ማኅሌት አለ እንዴ?"

"ቢኖርም ድምፁ ካንተ ይሻላል" ይላሉ አያ ፈንቴ፣ ቀና ሳይሉ።

በሁለተኛው እጥበት ገመዱን የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ። "በቆዳው ውስጥ የሚቆፍር ቅንቅን አለ" አሉኝ። "ዲኑ እሱን ይገድለዋል፤ ዕንቁላሉን ግን አይችለውም። በስምንተኛው ቀን የተፈለፈለውን መልሰህ ታገኘዋለህ። ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለቴ አጥቦ መተው ምንም እንዳለማጠብ ነው።" ይህን ሲሉኝ በመከታ ጀርባ ላይ አዲስ ጠጉር ማቆጥቆጥ ጀምሮ ነበር።

አሁን ያልተናገርኩትን ልናገር። እኔን እከክ የያዘኝ ከመከታ በፊት ነው። ከፋሲካ በኋላ ከአገሬ ከእስቴ ስመለስ ከአጎቴ ልጅ የወረስኩትን አሮጌ ደበሎ ለብሼ መጣሁ፤ ያ የበግ ለምድ ነው ያመጣብኝ። ግንቦት ሳይገባ በጣቶቼ መካከልና በወገቤ ዙሪያ ወጣ። ተሸሽጌ አከክሁ። እየተጠጋጋን ነበር የምንተኛው፤ በሐምሌ የጎጆው ልጆች በሙሉ ያክኩ ጀመር። እከክ ያስገባ ተማሪ ደበሎው ይቃጠላል፤ እሱም እስኪነጻ ወደ አገሩ ይሰደዳል። አባቴ ደግሞ ወደ ትምህርት የላኩኝ አንዴ ከተመለስኩ ከእርሻው እንደማልነቀል አስጠንቅቀው ነው።

በጥዱ ሥር መጀመሪያ የተናገሩት ገበዙ ናቸው። "ውሻው ደጀ ሰላሙ ላይ ሲተኛ ከርሞ ልጆቹን ፈጃቸው" አሉ።

"የውሻ እከክ ሰው ላይ አይከርምም" አሉ አያ ፈንቴ።

የኔታ ቅን ፈራጅ ነበሩ፤ ሁለቱን ሰምተው፣ ከሁሉ ብሶ ወደታየብኝ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ልጄ፣ መቼ ያዘህ?"

"ለአያ ፈንቴ ውሻውን ከያዝኩላቸው ወዲህ ነው የኔታ" አልኩ።

አያ ፈንቴ ፊቴን አላዩም። ጉልበቴ ላይ ያረፉትን እጆቼን አዩ፤ በጣቶቼ መካከል አንዴ ድኖ የጠቆረውን፣ በላዩ እንደገና የቆሰለውን። የሦስት ወር ቁስል ከአንድ ሳምንት ቁስል የሚለይ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። ሊናገሩ ነው ብዬ እጆቼን ከደበሎዬ ሥር ሸሸግሁ።

"አንድ እጥበት ቀርቶታል የኔታ" አሉ። "ስምንት ቀን ይስጡኝ።"

"ለውሻ ቀጠሮ የለንም አያ ፈንቴ" አሉ ገበዙ።

የኔታ ውሻው ከደብሩ እንዲርቅ ፈረዱ። አያ ፈንቴ ገመዱን ፈትተው፣ ዘመዶቻቸው ወደሚኖሩበት ወደ ወገዳ አቅጣጫ ይዘውት ወረዱ። በአራተኛው ቀን ገመዱንና የብራናውን አንገትጌ በክንዳቸው አንጠልጥለው ብቻቸውን ተመለሱ። "ሜዳው ላይ በረዶ ያዘን፤ ጠጉሩ ገና አልሞላም ነበር" ብለው ለጠየቃቸው መለሱ።

በማግስቱ አስጠሩኝ። በደጃቸው እንዶዱ ተወቅጦ፣ ዲኑ በቅል ተለውሶ ጠበቀኝ።

"ልብስህን አውልቅ። ለመከታ ሦስተኛ እጥበት ያልኩት ነው፤ አይደፋ።"

ከአንገቴ እስከ ውስጥ እግሬ በእጃቸው ቀቡኝ። ደበሎዬን እሳት ውስጥ ጨመሩት። በየስምንት ቀኑ ሦስት ጊዜ አጠቡኝ፤ የጎጆዬንም ልጆች ሁሉ። በመጨረሻው ቀን ራሳቸው አልፍተው የሠሩትን አዲስ የበግ ለምድ አለበሱኝ። ሦስቱንም ጊዜ የወቀሳ ቃል ስጠብቅ ነበር። ቢወቅሱኝ ኖሮ ይቅርታ እጠይቅ ነበር ይመስለኛል። እሳቸው አልወቀሱኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በዚያ ለምድ ትምህርቴን ፈጸምኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ዳዊት በእሳቸው ብራና ላይ ነው፤ አንዲት ቀዳዳ የለበትም። ማረፋቸውን የሰማሁት በሌላ አገር ጉባኤ ላይ ሳለሁ፣ ከዓመት በኋላ ነው።

የቡችላው ሁለተኛ መርፌ የፊታችን ሐሙስ ነው። ሐኪሟ አንዳንድ ጊዜ ሦስተኛም ሊያስፈልግ ይችላል ብላለች፤ እወስደዋለሁ።

ከጥዱ ሥር ከነበርነው ስድስት ሰዎች እውነቱን የምናውቅ ሁለት ነበርን። አያ ፈንቴ ካረፉ ወዲህ የቀረሁት አንድ እኔ ነኝ።